ብረት የማይገባበት ጎጆ

ዳባት ላይ ብረት የማይገባበት ጎጆ ነበረ ብትሉት የዛሬ ልጅ ይስቅባችኋል። ይሳቅ፤ ነበረ። ከከተማው በላይ፣ የገብሱ ማሳ አልቆ ድንጋዩ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ፣ በድንጋይ ተክቦ በሣር የተከደነ፣ አንድ ምስማር ያልተመታበት ጎጆ። የበሩ ማጠፊያ መዳብ፣ መቀርቀሪያው ወይራ፣ ማገሩ በጠፍር የታሰረ። የጎጆው ጠባቂ የነበረው ይግዛው ዛሬ አርጅቶም በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ዐይኑ ወደ ዳገቱ ይሸሻል። የቀረው ፍየል የሚተኛበት የድንጋይ ክምር ነው፤ እሱ ግን ጎጆውን እንደ ጥንቱ ያየዋል። ደጁ ላይ ቆሞ የሚሳደብ አንድ ሽማግሌም አብሮ ይታየዋል። ያን ጊዜ ሆዱ ይባባል፤ መልሶ ደግሞ ይስቃል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰባዎቹ ገና የገቡበት። አቶ ሀብተ ሚካኤል የሚባሉ መምህር ከአዲስ አበባ ብዙ ሣጥን አስጭነው መጡና፣ ፀሐይን የሚጠብቅ ሰው እንፈልጋለን አሉ። ሰዉ በሳቅ ሞተ። ፀሐይ ምን እንዳትሆን ነው የምትጠበቀው? በቅሎ ናት ትሰረቅ? መምህሩ አልተቀየሙም። ፀሐይ አንዳንዴ ትቆጣለች አሉ፤ ስትቆጣ ዐይን የማያየው ማዕበል ትወረውራለች፤ ምድር ደግሞ ራሷ ትልቅ ማግኔት ናትና ማዕበሉ ሲነካት ትርገፈገፋለች። ያን ጊዜ ሬዲዮ ይታፈናል፣ የመርከቡ ኮምፓስ ይወላገዳል። ይህን ለማየት ከፀጉር በቀጠነ ክር ትንሽ ማግኔት እንሰቅላለን፤ በማግኔቷ ላይ መስተዋት፤ የመብራት ጨረር መስተዋቷን ነክቶ፣ ቀስ እያለ በሚዞር ወረቀት ላይ መስመር ይጥላል። ምድር ስትረጋ መስመሩ ይረጋል፤ ስትታወክ ይታወካል። አጠገቧ ብረት ከመጣ ግን ማግኔቷ ፀሐይን ትታ ብረቱን ታያለች። ስለዚህ ብረት በዚህ ደጅ አይለፍ።

ሥራውን የፈለገ ሁሉ ተሰለፈ። አንዱ ቢላዋ ታጥቋል፣ አንዱ የቀበቶው ዘለበት ብረት ነው፣ አንዱ ጫማው ምስማር የበዛበት። ይግዛው ያን ጊዜ ቅኔ ቤቱን ትቶ የወጣ ተማሪ ነበር፤ እግሩ ባዶ፣ ወገቡ ላይ መቀነት፣ አንገቱ ላይ የእንጨት መስቀል። መምህሩ ከላይ እስከ ታች አዩትና ድህነትህ አስቀጠረህ አሉት። ሲያወራው ዛሬም ይኰራበታል።

ከጎጆው በታች ከአንድ ወይራ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች። ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ ቢላዋውን፣ ቁልፉን፣ መርፌውን ሳይቀር እዚያች ላይ ያራግፋል። አብዮት ጥበቃዎቹ እንኳ ጠመንጃቸውን አጋድመው ነው የሚወጡት። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ፣ ከይግዛው ደጅ ብረት ይባል ጀመር። ይግዛውም ነፍሱ ነበረች ያቺ ጎጆ! ማለዳ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሳለ ይወጣል፤ ወረቀቱን ይለውጣል፤ ያለፈውን ቀን ወረቀት በጨለማው ጓዳ እንደ ፎቶግራፍ በመድኃኒት ያጥባል፤ መስመሯ ከነጩ ላይ ቀስ ብላ ብቅ ስትል፣ ትናንት ፀሐይ ምን እንደዋለች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው እሱ ነው። በቅኔ ቤት ቤት ሲመታለት እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ጎጆዋ የማይጥማቸው አማቱ አያ ላቀው ብቻ ነበሩ፣ የሚስቱ የገበያነሽ አባት። ረጅም፣ አጥንታም፣ ምላሳቸው እንደ ሚጥሚጣ። ውጅግራ ነበረቻቸው፤ አባታቸው ያወረሷቸው አሮጌ ጠመንጃ። ሲተኮስ ጢሱ ሰውየውን ይሸፍነዋል፤ ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ ጥይትም አያባክኑላትም። ግን ቅቤ ይቀቧታል፣ እንደ ሙሽራ ይሸፍኗታል። ወደ ጎጆው በወጡ ቁጥር ውጅግራዋን ከድንጋዩ ላይ ሲያጋድሙ ይራገማሉ፤ ብረት የምትፈራ ዕቃ ወንድ ልጅ አይጠብቃትም ይላሉ። ይግዛው ይስቃል። ከልባቸው ይዋደዱ ነበር።

ሦስተኛው የጎጆው ደንበኛ ሻምበሉ ነበር፤ ደባርቅ የሰፈረው ጦር አዛዥ፣ የሐረር ሰው። የጦሩ ሬዲዮ አንዳንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ድንገት ድዳ ይሆንበታል። መጀመሪያ የመጣው ይግዛውን ሊያስር ነው፤ እላይ ያለው መሣሪያ ነው ሬዲዮዬን የሚያፍነው ብሎ። ይግዛው ወረቀቶቹን ዘርግቶ አሳየው። ሬዲዮው ድዳ በሆነ ቀን ሁሉ፣ በዚያው ሰዓት፣ መስመሯ ላይ ትንሽ መንጠቆ አለች፤ ሽቅብ ትወጣና ጎበጥ ብላ ትወርዳለች። ፀሐይ ናት አለው። ሻምበሉ ሰው በቀላሉ የሚያምን አልነበረም። ሽጉጡን ከውጭ ትቶ ገባ፣ ብርሃኑን እያየ ሽጉጡን ወደ ጎጆው አስመጣት። ብርሃኑ አንድ ደረጃ ዘለለና ቆመ። ሲወስዷት ወደ ቦታው ወረደ። እንግዲህ ብረት እንደ ደረጃ፣ ፀሐይ እንደ መንጠቆ መታየታቸውን ሻምበሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለየ። ሬዲዮው በታመመ ቁጥር ሰው ይልክና የዕለቱን ወረቀት ያስመጣ ነበር።

የሬዲዮው ሠራተኛ ተክለ ማርያም ይባላል፤ ይግዛው በቅኔ ቤት አብሮት የለመነ፣ አብሮት የተራበ ልጅ። ዕጣ ደርሶት ወታደር ሆኖ ነው። ደባርቅ ገበያ ሲገናኙ ስለ ፀሐይ እንደ ጎረቤት ያሟታል፤ እንዴት ዋለች፣ ምነው ትናንት አኮረፈች ይባባላሉ።

በዚያ ዓመት መሣሪያ አስረክቡ የሚል ትእዛዝ መጣ። ያላስመዘገበ፣ የደበቀ፣ ለወንበዴ ሊሰጥ ነው ተብሎ ታስሮ ጎንደር ይወርዳል። የወረደውን ሰው ደግሞ ማን አይቶት! አያ ላቀው ውጅግራዬ ተሸጣለች ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ። ለገበያነሽ ግን በጆሮዋ እንዲህ አሏት፦

«ስሞት ጠመንጃዬ ከለቅሶው ሜዳ ካልቆመች፣ የሞተው ሰው ይሁን ዶሮ በምን ይለያል?»

ገበያነሽ ይህን ለባሏ አልነገረችም። ነገሩን ሆዷ ፈጀው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አገሩ ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ወጣ። ይግዛውም ማለዳ ወረቀቱን ለውጦ ወረደ። ቀትር ላይ፣ ታቦቱ ገና ሳይገባ፣ አንዱ ነጋዴ የያዛት ሬዲዮ ወሬ እያወራች ድምፅዋ ተጎተተ፣ ተጎተተና ጠፋ። ነጋዴው በጥፊ መታት። ባትሪ ቀየረ። ይግዛው በጋቢው ጫፍ ዐይኑን ከልሎ ሽቅብ አየና ፈገግ አለ። ዛሬስ ክፉኛ ተቆጥታለች አለ በልቡ፤ መንጠቆዋን ለማየት ቸኰለ።

በማግስቱ ወረቀቷን ሲያጥብ መንጠቆዋ ወጣች። እንደሷ ያለች ትልቅ አይቶ አያውቅም። ደስታው ግን አፍታም አልቆየ፤ ከመንጠቆዋ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሰው ሁሉ በዓል ላይ ሳለ፣ መስመሯ አንድ ደረጃ ዘልላለች። ዘልላም አልተመለሰችም። ይግዛው ወረቀቷን እንደያዘ ደጅ ወጥቶ ጣራውን ቀና ብሎ አየ። በስተጀርባ በኩል ሣሩ የተነካካ ይመስላል። እጁን ሲሰድ ቀዝቃዛ ነገር ነካው። ጨርቁን ገለጥ ሲያደርግ የቅቤው ሽታ መጣ። የማን እንደሆነች ለመለየት ማየትም አላስፈለገው።

የሽማግሌው ነገር ገባው። ብረት የማይገባበት ቤት፣ ብረት የማይፈለግበት ቤት ነው ብለው ነው። ፈታሽ እንኳ መሣሪያውን ታች አጋድሞ ባዶ እጁን ነው የሚመጣ። ለሌላ ሰው ቤት ቢሆን ብልኅነት ነበር። የአገሩን ብረት ሁሉ ከምታሸት ማግኔት ራስጌ ጠመንጃ ይደበቃል? ወይ አያ ላቀው!

ልመልሳት ወይስ ልተዋት ሲል፣ ከደባርቅ ወሬ ደረሰ። ተክለ ማርያም ታስሯል። ትናንት ቀትር ላይ ወደ ዛሪማ የወረደ የቅኝት ጦር ልማሊሞ ገደል ላይ ተከቦ በሬዲዮ ድረሱልን ሲል፣ ደባርቅ የሰማው የለም። ሰዎች ሞተዋል። ተክለ ማርያም ሬዲዮውን ሆን ብለህ ዘግተኸዋል፣ ከወንበዴ ጋር ነህ ተብሏል። የሚፈርዱት ሰዎች ከጎንደር እየመጡ ነው፤ ፍርዱ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሻምበሉ ነገ የሚካኤልን ዕለት ወረቀት ራሴ መጥቼ አያለሁ፤ ሌላ ምስክር የለውም ብሏል።

ይግዛው ከድጡ ወደ ማጡ ገባ። ወረቀቷ ካልወጣች ተክለ ማርያም ይሞታል። ከወጣች አያ ላቀው ጎንደር ይወርዳሉ። ልቁረጣት እንዳይል ደረጃዋና መንጠቆዋ ጎን ለጎን ናቸው፤ የተቆረጠች ወረቀት ደግሞ ምስክርነቷ ምኑ ላይ ነው? ፀሐይ ናት ሁለቱንም ያደረገችው እንዳይል ሻምበሉን ደረጃ ምን እንደሆነ ያስተማረው እሱ ራሱ። ጠመንጃዋን አውርዶ እንዳይሸሽግ ሲያወርዳት መስመሯ ተመልሳ ትወርዳለች፤ በአዲሱ ወረቀት ላይ ሌላ ምልክት ነው።

አመሻሽ ላይ አውድማ ሄደ። አያ ላቀው በሬዎቹን ከገብሱ ላይ ያዞራሉ። ይግዛው ጎን ለጎን እየተራመደ ሁሉንም ነገራቸው። መጀመሪያ ካዱ። ቀጥለው ተቆጡ፤ ወረቀት ነው፣ ቅደደው፣ ማን ያይብሃል አሉ። ተክለ ማርያም ይሞታል አላቸው። ሽማግሌው መንሻቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ያ ውሻዬ የነከሰው ተማሪ?»

«እሱው ነው፣ አባቴ።»

ድሮ ነው፤ ተክለ ማርያም ትንሽ ተማሪ ሆኖ በደጃቸው ሲለምን ውሻቸው ባቱን ዘንጥሎት ነበር። አያ ላቀው ቁስሉን በአረቄ አጥበው እስኪድን ከቤታቸው አስተኝተውታል። ሽማግሌው መንሻቸውን አነሡ። በሬዎቹን ሃይ ብለው ማዞራቸውን ቀጠሉ። ይግዛውም ምን እንዳሰቡ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ሄደ። ገበያነሽ ፊቱን አይታ አባቴ ናቸው አይደል አለችው፤ ያባቷንም ቃል ያን ጊዜ ነገረችው። አብረው አለቀሱ።

ሻምበሉ በነጋታው ረፋድ ላይ መጣ። ሽጉጡንና ቀበቶውን ከድንጋዩ ላይ አራገፈ፣ ሁለት ወታደሮቹን እዚያው አቆመ። ይግዛው ወረቀቷን ከደጅ ዘረጋለት። ሻምበሉ ጣቱን በመስመሯ ላይ እየነዳ ሄደና ደረጃዋ ላይ ቆመ። ፊቱ ጠቆረ። ይህችስ አለ። ይህች ብረት ናት፤ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። በዚያ ሰዓት እዚህ ቤት ብረት ገብቷል። ብረት ከገባ ደግሞ ቀጥላ ያለችውም መንጠቆ የብረት መነካካት ላለመሆኗ ዋስ የለኝም። ይህች ወረቀት ማንንም አታድንም አለና ሊጠቀልላት ጀመረ።

ይግዛው በዕድሜው ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነበር ማለት ማጋነን ነው፤ በወረቀቶቹ ላይ ግን ዋሽቶ አያውቅም። ያን ቀን ዋሸ።

«ብረት ናት፣ ሻምበል። የኔ ጠመንጃ ናት። ጣራው ውስጥ አለች፤ እኔ ነኝ የደበቅኋት።»

ሻምበሉ ወታደሮቹን ሊጠራ አፉን ሲከፍት፣ ከጎጆው ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ጠመንጃ ከየት አባትህ አግኝተህ! ያባትህ ቤት ቢላዋም አልነበረ!»

አያ ላቀው ናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ለብሰው ነው የመጡት። ይግዛው ሊከለክላቸው ተንቀሳቀሰ፤ በዘንጋቸው ገፉት። ለሻምበሉ ውጅግራዋ ያባታቸው እንደሆነች፣ በሚካኤል ዕለት ሰው ሲያጅብ እንዳገቧት፣ ይህ አማቻቸው ምንም እንደማያውቅ፣ ሞኝ ስለሆነ ብቻ እንደዋሸ ነገሩት። ላውርዳትና ተረከበኝ አሉ።

ያኔ ነው ይግዛው ነፍስ የዘራ። ቆዩ አላቸው። ሻምበሉን ከመውረዷ በፊት ይግቡና ብርሃኑን ይመልከቱ ብሎ ለመነው። ሻምበሉ ሽማግሌውን አየ፣ ይግዛውን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከውጭ አያ ላቀው እጃቸውን ወደ ሣሩ ሰደዱ፤ ውጅግራዋን ከነጨርቋ መዘዙና ታቅፈዋት ወደ ታች፣ ወደ ድንጋዩ መራመድ ጀመሩ። ውስጥ ጨለማው ላይ ያቺ ትንሽ ብርሃን ራደች፤ ከዚያ አንድ ደረጃ ወረደችና ጥንት ከነበረችበት ላይ ረጋች። ሻምበሉ ወረቀቷን ከብርሃኑ ጋር አስተያየ። የወረደችው የወጣችውን ያህል ነው፤ አታንስም አትበልጥም። እንግዲያ ጠመንጃው ከገባ ወዲህ አልተነካም፤ መንጠቆዋን የሠራት እሱ አይደለም።

ብዙ ቆይቶ ወጣ። ልጁ ሬዲዮውን አልዘጋውም አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

አያ ላቀው ውጅግራዋን ከሽጉጡ ጎን አጋድመዋታል። ጨርቋን አስተካክለው ሸፈኗት፣ አፈሙዟን ሳሙ። ወታደሮቹ ሲይዟቸው ወደ ይግዛው ዞረው ተሳደቡ፤ ያቺ ብረት ፈሪ ዕቃህ ይኸው ጠመንጃዬን በላቻት አሉት። ይግዛው እግራቸው ላይ ወደቀ። እነሱ በደባርቅ መንገድ ሲወርዱ ነጩ ጋቢ እስኪጠፋ ድረስ አየ።

ተክለ ማርያም ተፈታ። አያ ላቀው ጎንደር ወረዱ፤ ሰው ተመልሰው አይመጡም ብሎ ነበር፤ በአንድ የመስከረም ምሕረት ተመለሱ፤ ያ አጥንታም ሰው አጥንቱ ብቻ ቀርቶ። ምላሳቸው ግን እንዳለ ነበረ። ማለዳ ማለዳ ዘንጋቸውን ይዘው ጎጆው ደጅ ይወጡና፣ ከፀሐዩ ቁጭ ይላሉ። ይግዛው ወረቀቱን ሲያወጣ ዛሬስ እንዴት ዋለች ይሉታል። የሚራገፍ ብረት ሳይኖራቸው፣ ሲወጡ ከድንጋዩ ዘንድ ቆም የሚሉት ልማዳቸው ግን አልቀረም። እነዚያን ጠዋቶች ይግዛው በምንም አይለውጣቸውም። መልሰው ቢሰጡት ያለውን ሁሉ ይሰጥ ነበር።

ጥቂት ዓመት እንዲህ ቆይተው አረፉ። ለቅሶው ሜዳ ላይ አገሩ ተሰበሰበ፤ ሙሾ አውራጇ ሸጊቱ ከመካከል ቆመች። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ የሞተው ባለጠመንጃ ከሆነ መሣሪያው ከፊት ይቆማል፣ አልቃሽ እያየችው ታወርዳለች። ለአያ ላቀው የሚቆም አልነበረም። ሸጊቱ ባዶው ቦታ ላይ ዐይኗ እየሄደ ሙሾው እምቢ አላት፤ ገበያነሽም ያባቷን ቃል እያሰበች ፊቷን ትነጫለች።

ያን ጊዜ ከጎንደር አውቶቡስ የወረደ አንድ ሰው የሸምበቆ ቱቦ ይዞ ሰዉን እየገፋ ገባ። ተክለ ማርያም ነው። ጸጉሩ ሳስቷል፣ ባቱ ላይ ያለችው የውሻ ጠባሳ ግን ያው ናት። ቱቦውን ከፍቶ ወረቀት አወጣ። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ሻምበሉን ለምኖ የወሰዳት የሚካኤል ዕለት ወረቀት። ጠመንጃው መቆም ከነበረበት ቦታ ላይ በሁለት እጁ ዘረጋት። ሸጊቱ ምንድን ናት ብላ ጠየቀች።

«ይህች ደረጃ የአያ ላቀው ውጅግራ ናት» አላት። «ይህች ደግሞ ፀሐይ ናት። እኔ በሁለቱ ነው የተረፍኩ።»

ሸጊቱ ጣቷን ደረጃዋ ላይ አስነክታ፣ እጇን ከደረቷ መለሰችና አወረደች፦

ብረት ከማይገባበት ብረቱን አግብቶ፣
ሰው አተረፈበት ጠመንጃውን ሰጥቶ።

ሜዳው ታመሰ። ገበያነሽ የወረቀቷን አንድ ጫፍ ከተክለ ማርያም ተቀብላ ያዘች፤ ሬሳው እስኪነሣ አልለቀቀችም።

ይግዛው ወደ እነሱ ሊሄድ ተነሣና፣ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ። ወገቡ ላይ ቢላዋ ነበረች። ምን እንዳደረገ ያወቀው ካደረገው በኋላ ነው፤ ፈትቶ ከለቅሶው ዳር ከአንድ ድንጋይ ላይ አጋደማት። ያዩት ለቅሶ የደረሱ አብዮት ጥበቃዎች ተያዩ፤ ከመካከላቸው የጎጆውን ደንብ የሚያውቅ አንዱ ሄዶ ጠመንጃውን ከቢላዋዋ ጎን አጋደመ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ ይግዛው ባዶ እጁን ወደ ወረቀቷ ሄደ፣ ደረጃዋን ሳማት፣ እንደ ልጅም አለቀሰ።